የድሮ ቶፖ ካርታ ይዞ የጎጃምን ገጠር መመርመር፦ ከየት ተጀምሮ ወዴት ይደረሳል?

ስለ ጎጃም የተጻፈው ታሪክ ባብዛኛው የንጉሥና የራስ ታሪክ ነው። የአያቶቻችሁ ጎጥ፣ ለገበያ የሚወርዱበት አቀበትና ቁልቁለት፣ ከብት የሚያጠጡበት ወንዝ መጽሐፍ ላይ አይገኝም። ካርታ ላይ ግን ተሥሏል። ትምህርት ቤት በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ያያችሁት፣ ቡናማ መስመር የበዛበት፣ ማንም ደግሞ የማያየው ያ ቶፖግራፊ ካርታ ማለቴ ነው። በባለሙያዎቹ አፍ «ቶፖ» የሚባለው።

ሥራው ከባድ አይደለም። ኮምፒውተር ቢኖር ጥሩ ነው፣ ስልክ ብቻ ያለውም ግማሹን ይሠራዋል።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ካርታው ላይ መስመሩን እመኑ፣ ስሙን ተጠራጠሩ። ወንዙ፣ ገደሉ፣ ሸንተረሩ ከሰማይ ከተነሣ ፎቶ የተሣለ ስለሆነ ብዙ አይሳሳትም። ስሙ ግን ከሰው አፍ የተለቀመ ነው። ሠራተኛው በቦታው ዞሮ፣ መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው ጠይቆ፣ የሰማውን በላቲን ፊደል ጽፎ ሄዷል። የተጠየቀው ሰው ለአገሩ እንግዳ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ጭራሽ መናገር ያልፈለገ ሰው ሊሆን ይችላል። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ እዚህ ላይ የተመሠረተ ነው።

መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ምረጡ

«ጎጃምን ላጥና» ብሎ መነሣት የትም አያደርስም። አንድ አጥቢያ ይበቃል። ቢበዛ አንድ የካርታ ሉህ። በ1፡50,000 የተሠራ አንድ ሉህ በኬክሮስም (ላቲቲዩድ) በኬንትሮስም (ሎንግቲዩድ) 15 ደቂቃ፣ የዲግሪ ሩብ፣ ይይዛል፣ ማለትም በየጎኑ ወደ 27 ኪሎ ሜትር ገደማ። እሱ ራሱ ለእግረኛ ሰፊ አገር ነው።

ዘመድ ያላችሁበትን ቦታ ብትመርጡ ሥራው በግማሽ ይቀላል። ምክንያቱ ወደ ኋላ ይገባችኋል።

የሉሁን ቁጥር ማግኘት ቀላል ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ኬክሮስ፣ ቀጣዮቹ ሁለት አሃዞች ኬንትሮስ ናቸው። ባሕር ዳር 11 ዲግሪ ከምናምን ሰሜን፣ 37 ዲግሪ ከምናምን ምሥራቅ ላይ ስላለች ሉሁ በ1137 ይጀምራል። ከዚያ አንድ ፊደልና አንድ ቁጥር ይከተላል፣ እሱ የዲግሪውን ካሬ ከፋፍሎ የትኛው ቁራጭ እንደሆነ ይነግራችኋል። ማውጫውን ስታዩ ወዲያው ይገባችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። የድሮ ካርታ የዛሬውን ዞንና ወረዳ አያውቅም። በንጉሡ ዘመን ጎጃም ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማው ደብረ ማርቆስ ሆኖ በአውራጃ የተከፋፈለ ነበር፦ አገው ምድር፣ ባሕር ዳር፣ ብቸና፣ ደብረ ማርቆስ፣ ቆላ ደጋ ዳሞት፣ ሞጣ፣ መተከል። ከተማውም ስሙን ቀይሮ ሊሆን ይችላል። ደብረ ማርቆስን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ምንጭ ላይ ስትፈልጉ መንቆረር ብላችሁ ፈልጉ።

ካርታው ከየት ይገኛል

ዋናው ምንጭ ድሮ ካርታ ሥራዎች ድርጅት ይባል የነበረው፣ ዛሬ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት የሆነው የመንግሥት ተቋም ነው። አዲስ አበባ ነው። የ1፡50,000 እና የ1፡250,000 ሉሆችን እዚያ ትጠይቃላችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ከትምህርት ቤት፣ ከዩኒቨርሲቲ ወይም ከመሥሪያ ቤታችሁ የትብብር ደብዳቤ ያዙ። ያለ ደብዳቤ መሄድ ባዶ እጅ መመለስ ሊሆን ይችላል፣ የአገራችንን ቢሮ ታውቁታላችሁ።

እዚያው እያላችሁ ስለ አየር ፎቶ ጠይቁ። ለጎጃም ሁለት ዓመቶች ወርቅ ናቸው፦ እ.ኤ.አ. 1957 እና 1982። የ1957ቱ አሜሪካኖች ከንጉሡ መንግሥት ጋር የዓባይን ተፋሰስ ለማጥናት በተነሡበት ጊዜ አካባቢ የተነሣ ነው። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1964 ተጠናቀቀ፣ ጎጃም ደግሞ በዓባይ የተከበበ አገር ስለሆነ ዋናው ተጠቃሚ እሱ ሆነ። ከዚያ በፊት ያለውን ከፈለጋችሁ ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941 ያነሷቸው ወደ 34,000 የሚጠጉ የአየር ፎቶዎች አሉ። እነሱ አገሩን ሁሉ አይሸፍኑም፣ ስለዚህ የእናንተ አካባቢ መኖር አለመኖሩን በኬክሮስና በኬንትሮስ ጠይቁ።

አዲስ አበባ መሄድ ላልቻለ ሰው ኢንተርኔት አለ። ኦስቲን የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የድሮ የጦር ካርታዎችን ስካን አድርጎ በነፃ ለቋል፣ ምሥራቅ አፍሪካን በ1፡500,000 የሚያሳዩ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ካርታዎችም አሉበት። የሶቭየት ጦር ካርታም አለ፣ በ1፡200,000። ጎጃምን ስትፈልጉ ሲ-37 የሚለውን ክፍል ፈልጉ። ጽሑፉ በሩሲያ ፊደል ቢሆንም አትፍሩ፣ ፊደሉን በአንድ ከሰዓት በኋላ መልመድ ይቻላል፣ እኛ 200 ምናምን ፊደል የለመድን ሰዎች 33 ፊደል ምን ያቅተናል።

ሌላው የአሜሪካ የስለላ ሳተላይት ፎቶ ነው፣ ኮሮና የሚባለው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1972 የተነሣ፣ ምስጢርነቱ በ1995 የተነሣ። የአሜሪካ ጂኦሎጂ ቢሮ ኧርዝ ኤክስፕሎረር በሚለው ገጹ ላይ ያስቀምጠዋል። ቀድሞ ስካን የተደረገው በነፃ ይወርዳል፣ ያልተደረገው ያስከፍላል።

ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም የድሮ ካርታዎች አሉት። አዲስ አበባ ከሄዳችሁ አይቀር እሱንም እዩት።

ዳር ዳሩን አንብቡ

ካርታ ሲሰጠው ሰው ሁሉ ዓይኑን መኻል ላይ ይጥላል። እናንተ ከጠርዙ ጀምሩ። የምትፈልጉት አራት ነገር ነው።

ፎቶው መቼ ተነሣ? ካርታው መቼ ታተመ? ሁለቱ አንድ አይደሉም፣ በመኻላቸው ብዙ ዓመት ሊኖር ይችላል። ካርታው የሚያሳየው ፎቶው የተነሣበትን ጊዜ ነው። ዓመቱ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚሆን ከሽማግሌ ጋር ከመነጋገራችሁ በፊት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቀንሳችሁ ጻፉት። በኋላ «ከኢሕአዴግ በፊት ነው በኋላ?» ስትባሉ እንዳትደናበሩ።

መስፈርቱ ስንት ነው? በ1፡50,000 ሁለት ሳንቲ ሜትር አንድ ኪሎ ሜትር ነው። በ1፡250,000 አንድ ሳንቲ ሜትር ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ነው፣ ስለዚህ ከሱ ላይ ጎጥ አትፈልጉ፣ የሩቅ መንገድ ብቻ ፈልጉ።

በኮንቱር መስመሮቹ (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች በሚያያይዙት ቡናማ መስመሮች) መካከል ስንት ሜትር ከፍታ አለ? በ1፡50,000ው ላይ ብዙ ጊዜ 20 ሜትር ነው። መስመሩ የተጠቀጠቀበት ገደል፣ የተራራቀበት ሜዳ።

አራተኛው፣ ብዙ ሰው የሚዘለው፣ ዳተሙ ነው፣ ማለትም የካርታው ልኬት የሚነሣበት መነሻ። የኛ አገር የድሮ ካርታዎች አዲንዳን በሚባል መነሻ የተሠሩ ናቸው። ስልካችሁ የሚጠቀመው ሌላ ነው። ስለዚህ ስልካችሁ ያሳያችሁን የዩቲኤም (ቦታን በሜትር የሚገልጽ) ቁጥር ቀጥታ ካርታው ላይ ብታነጥቡት፣ ነጥቡ ከትክክለኛው ቦታ ወደ 200 ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን፣ ወደ 90 ሜትር ገደማ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ፈቀቅ ብሎ ይወድቃል። 200 ሜትር ትንሽ ይመስላል። የፈረሰ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ስትፈልጉ ግን ወንዙን ተሻግራችሁ የሰው ማሳ ውስጥ ትገባላችሁ።

ወደ ስልክና ኮምፒውተር ማስገባት

ስካነር ካለ በስካነር። ከሌለ ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት፣ አራቱን ማዕዘን በከባድ ነገር ያዙት፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታበት ደማቅ ብርሃን ላይ ስልኩን ከላይ ወደ ታች ቀጥ አድርጋችሁ አንሡ። አንድ ጊዜ ሙሉውን፣ ከዚያ በአራት ከፍላችሁ። ዳር ዳሩን እንዳትቆርጡት፣ አሁን ያልኳችሁ መረጃ ሁሉ እዚያ ነው።

ከዚያ ኪውጂአይኤስ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ጫኑ። ጂኦሪፈረንሰር የሚል፣ ምስሉን ከትክክለኛ ቦታው ጋር የሚያገጥም ክፍል አለው። ምስሉን ክፈቱና የካርታው ቋሚና አግዳሚ መስመሮች የሚገናኙበትን ቦታ ጠቅ እያደረጋችሁ፣ ጠርዙ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አስገቡ። አራቱ ማዕዘኖችና መኻል ላይ ጥቂት ነጥቦች ይበቃሉ። ፎቶው ከተጣመመ ነጥብ ጨምሩ። መነሻውን ሲጠይቃችሁ አዲንዳን ዩቲኤም 37 ሰሜን ምረጡ፣ ኮዱ 20137 ነው። ከ36 ዲግሪ ኬንትሮስ በስተምዕራብ ያለ የመተከል ቆላ ከሆነ 20136። ይህን በትክክል ከመረጣችሁ ያ የ200 ሜትር ጣጣ በራሱ ይፈታል።

አሁን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ጎጃም ለካርታ ሥራ የተፈጠረ አገር ነው እላለሁ። ቤተ ክርስቲያን አለ። መንደር ይነሣል፣ ገበያ ይዛወራል፣ ወንዝ እንኳን ሜዳ ላይ ሲደርስ አልጋውን ይቀይራል። ታቦት ያለበት ጉብታ ግን ብዙውን ጊዜ ከነዛፉ እዚያው ነው። ካርታው ላይ የመስቀል ምልክት ፈልጉ፣ ከዛሬው የሳተላይት ምስል ላይ ደግሞ ክቡን ጣሪያና በዙሪያው ያለውን የአጸድ ደን ፈልጉ። እርስ በርስ የተራራቁ አራት አምስት አብያተ ክርስቲያናት ከገጠሙ ሥራችሁ ልክ ነው። አንዱ ብቻ ካልገጠመ ጥፋቱ የናንተ ላይሆን ይችላል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ተተክሎ ሊሆን ይችላል፣ ያም ራሱ ታሪክ ነውና ማስታወሻ ያዙ።

ስሙ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ማርያም ወይም ጊዮርጊስ የሚል ብቻ ካያችሁ፣ በአንድ ሉህ ውስጥ ብዙ አለ። ሁልጊዜ ከቦታው ስም ጋር አጣምራችሁ መዝግቡ።

ኮምፒውተር የሌላችሁ፣ የሠራ ሰው ካለ ፋይሉን ተቀብላችሁ አቬንዛ በሚባለው የስልክ መተግበሪያ ክፈቱት። ኔትወርክ በሌለበትም የቆማችሁበትን ቦታ የድሮው ካርታ ላይ ያሳያችኋል።

አሁን ምን እንፈልግ?

የኔ ምርጫ መንገድ ነው። ዛሬ ሰው ስለ ጎጃም መንገድ ሲያስብ ከደጀን በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬ፣ በዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባውን አስፋልት፣ ካልሆነም በብቸናና በሞጣ የሚዞረውን ያስባል። የእግርና የበቅሎ መንገድ ግን ሌላ ሐሳብ ነበረው። መኪና ድልድይ ይፈልጋል፣ በቅሎ ጥልቀት የሌለው መሻገሪያ ይበቃታል። መኪና ሜዳ ይወዳል፣ እግረኛ በክረምት ዋልካ ሜዳ ላይ እስከ ጉልበቱ ይሰምጣል። ስለዚህ ካርታው ላይ በተቆራረጠ መስመር የተሣለውን መንገድ ተከተሉና ሸንተረር ሸንተረሩን ይዞ ሄዶ ወንዝ ላይ ብቻ የሚወርድ ከሆነ የድሮ መንገድ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ከየአቅጣጫው የመጡ መንገዶች አንድ ቦታ ላይ ከተገናኙና እዚያ ቦታ ላይ ዛሬ ከተማ ከሌለ ደግሞ፣ ወይ የሞተ ገበያ ነው ወይ የተረሳ መሻገሪያ።

ለመለማመጃ ሁለት ቦታ ልጠቁማችሁ። አንደኛው የጁቤ ነው፣ ባሶ ሊበን። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የባሶ ገበያ ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ነጋዴና ከጎንደር የሚወርደው ነጋዴ የሚገናኙበት ትልቅ ገበያ ነበር። ቡናው፣ አሞሌው፣ ወርቁ፣ ያሳዝናል እንጂ ባሪያውም በዚያ ያልፍ ነበር። የጁቤን ካርታው ላይ አግኙና ወደ ዓባይ የሚወርዱትን መንገዶች አንድ በአንድ በጣታችሁ ተከተሉ። ኮንቱሩን ቁጠሩ። ምን ያህል ሜትር ወርዶ ምን ያህል ሜትር እንደሚወጣ ስታሰሉ ሲራራ ነጋዴ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ይገባችኋል።

ሁለተኛው ሰባራ ድልድይ ነው፣ ከሞጣ ወደ ማዶ ጎንደር መሻገሪያው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ፋሲል ጊዜ የተሠራ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መኻሉ የተሰበረ። ካርታው ላይ ድልድዩን ብቻ አትዩ። ከሁለቱም ወገን ወደሱ የሚመጡትን መንገዶች እዩ።

የጦር ታሪክ የሚወድ ደግሞ በ1፡250,000 ወይም በ1፡500,000 የ1933ቱን ዘመቻ ይከተል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ተነሥተው ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም በኦሜድላ ገቡ፣ በበላያ ተራራ አድርገው ወደ ቡሬ ዘለቁ፣ መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ ገቡ። ከኦሜድላ እስከ በላያ ያለውን ቆላ ካርታው ላይ ስታዩት መንገድ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ጣሊያን ምሽጉን የሠራው በመኪናው መንገድ ላይ ነበር፦ ቡሬ፣ ደምበጫ፣ ደብረ ማርቆስ። ከቆላው የመጣበት ጦር ለምን እንዳስቸገረው ካርታው ያለ ማብራሪያ ያሳያችኋል።

ከመንገድ ቀጥሎ ቤት ነው። ትናንሽ ጥቁር ነጥቦች። ካርታችሁ ከ1982ቱ (እ.ኤ.አ.) ፎቶ የተሠራ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፣ ምክንያቱም ደርግ በጎጃም መንደር ምሥረታ ያካሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ነጥቦቹ በየጉብታው ተበታትነው ታያላችሁ፣ ዘመድ ከዘመዱ፣ ርስት በርስቱ። በኋላ ሕዝቡ በመሥመር በተቀየሰ መንደር ተሰበሰበ፣ በ1982 እና 83 ዓ.ም ደግሞ ብዙው ወደ ቦታው ተመለሰ። ስለዚህ ሦስት ሥዕል አላችሁ፦ የካርታው፣ የሽማግሌው ትዝታ፣ የዛሬው ሳተላይት። በገጠር መኻል ያለ ምክንያት ቀጥ ብሎ የተሰመረ መንገድ ሳተላይት ላይ ካያችሁ «የመንደር ምሥረታው ቦታ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።

ደን ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ሁላችንም «ድሮ ደን ነበር፣ አለቀ» ብለን ነው የምንጀምረው። ደምበጫ አካባቢ በአየር ፎቶ የተሠራ ጥናት ይህን አረጋግጧል፦ የተፈጥሮ ደኑ እ.ኤ.አ. በ1957 ከመሬቱ 27 በመቶ ነበር፣ በ1982 2 በመቶ፣ በ1995 0.3 በመቶ ሆነ። የሚታረሰው ደግሞ ከ39 ወደ 77 በመቶ አደገ። ግን ዛሬ ያንኑ አገር ብታዩት ዛፍ ሞልቷል። ባሕር ዛፍ ነው። ወደ አዊ ስትሄዱ ደግሞ ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ የሚባል የግራር ዓይነት። ስለዚህ ሳተላይት ላይ አረንጓዴ ስላያችሁ «ደኑ ተመልሷል» አትበሉ፣ በመሥመር የተተከለ መሆኑን አጉልታችሁ እዩ።

ውሃ ሥር የገባ አገር ማየት የሚፈልግ ቆጋን ይሞክር። መራዊ አጠገብ ነው፣ ሜጫ። ግድቡ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ የተሠራ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ጉግል ኧርዝ ላይ የዛሬውን የውሃ ዳር በመዳፊት እየተከተላችሁ ክበቡት። ክቡን ፋይል አድርጋችሁ አውጡና ኪውጂአይኤስ ውስጥ ከድሮው ካርታ ላይ ጫኑት። በቃ፣ በክቡ ውስጥ ያለው ሁሉ ዛሬ ውሃ ነው። ጥቁር ነጥቦቹን፣ ሰማያዊ ጭረት ያለበትን ጨፌ፣ ጅረቶቹን ዘርዝሩ። ከዚያ በአንድ በኩል ገብተው በሌላ በኩል የሚወጡትን የእግር መንገዶች ፈልጉ። ያ መንገድ ሰዎችን ያገናኝ ነበር፣ ለልቅሶ፣ ለማኅበር፣ ለገበያ። ዛሬ ዞረው ነው የሚሄዱት። በሁለቱም ዳር ያሉ ሰዎችን ስለዚያ መንገድ ጠይቁ።

ሽማግሌ አጠያየቅ

ስሙን ተጠራጠሩ ያልኩት እዚህ ላይ ይመጣል። ዘመድ ያላችሁበትን ቦታ ምረጡ ያልኩትም ለዚሁ ነው።

ጎጃም ውስጥ ካርታ ይዞ ወደ ገጠር የሚገባ ሰው በመልካም ዓይን የማይታይበት ታሪክ አለ። ርስት ይለካል የሚለው ፍርሃት ቀላል አልነበረም። በ1960 ዓ.ም የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ ሞጣ፣ ብቸናና ዳሞት ያመፁት ከግብሩ ባልተናነሰ መሬታችን ተለክቶ ርስታችን ሊሄድ ነው ብለው ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ አለ፣ መሬቱን ያጣ ሰው እስከዛሬ ሆዱ አልሻረም። ስለዚህ ሜትርና ጂፒኤስ እያሳያችሁ አትግቡ። የማን ልጅ እንደሆናችሁ ተናገሩ፣ ዘመድ ያስተዋውቃችሁ፣ ለቀበሌው አስቀድማችሁ አሳውቁ። የማንንም ማሳ ወሰን አትጠይቁ። ቢነግሯችሁም አትጻፉት።

ካርታውን ፊታቸው ዘርግቶ «ይህ ምንድን ነው?» ማለት አይሠራም። ኮንቱር የሚያነብ ሽማግሌ የለም፣ ካርታውን የሚያስንቅ አገር የሚያውቅ ሽማግሌ ግን ሞልቷል። ውጪ ቁጭ በሉ። ካርታውን ከአገሩ ጋር አቅጣጫውን አግጥሙት፣ ሰሜኑ ወደ ሰሜን ይሁን። ከዚያ ካርታውን ትታችሁ በእጅ እየጠቆማችሁ ጀምሩ።

«አባባ፣ መኪና ሳይገባ በፊት ለገበያ በየት ነበር የምትወርዱ?»

«በዚያ በዋርካው አድርገን ነዋ። ወንዙን ተሻግረን ያን ተረተር እንይዛለን።»

«ወንዙ ሲሞላስ?»

ይህቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ዋጋዋ ትልቅ ነው። ወንዙ ሲሞላ የት እንደሚሻገሩ፣ ማን እንደሚያሻግር፣ ማን እንደተወሰደ፣ የት እንዳደሩ ሁሉ ይወጣል። ስሙም ሳትጠይቁት ይመጣል። የመሻገሪያው ስም፣ የዋርካው ስም፣ የአቀበቱ ስም። እናንተ በአማርኛ ጻፉት፣ ከዚያ ካርታው ላይ ካለው ጋር አስተያዩት። ላቲኑን መልሳችሁ ወደ ግዕዝ ፊደል አትቀይሩ፣ ከሰው አፍ የሰማችሁትን ጻፉ። የጣሊያን ካርታ ከሆነማ ብሶበታል፣ እነሱ የኛን ጠ፣ ቀ እና ጨ ከተራዎቹ አይለዩም።

ዓመት አትጠይቁ። «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ስትሉ ወይ ዝም ይላሉ ወይ ለደስታችሁ አንድ ቁጥር ይጠራሉ። በጣሊያን ጊዜ ነው? በግብሩ ብጥብጥ ጊዜ? መሬት ላራሹ ከመጣ በኋላ ነው? በ77 ድርቅ? ሽግሽጉ ሳይደርስ? እንዲህ ስትሉ መልሱ ይጠራል።

እማማዎቹን አትዝለሉ። ወንዶቹ የሩቅ መንገዱንና የጦሩን ይነግሯችኋል፣ ምንጩን፣ የእንጨት መልቀሚያውን፣ የውሃ መቅጃ አቋራጩን የሚያውቁት ግን ሴቶቹ ናቸው። ካርታ ላይ ስም ሳይኖረው የሚቀር ምንጭ ብዙ ነው፣ እሱን የምታገኙት ከነሱ ነው። ቄሶቹን ደግሞ ስለ ደብሩ አመሠራረት ጠይቁ፣ «አባ» ብላችሁ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሳይቸኩሉ።

አንድን ስም ከአንድ ሰው ብቻ ሰምታችሁ አትመዝግቡ። ከወንዙ ወዲህ ያለው ሰው የሚጠራበት ስምና ወዲያ ማዶ ያለው የሚጠራበት ስም ሊለያይ ይችላል። ሁለቱንም ጻፉ፣ ማን እንዳለውም ጻፉ። ዳኛ አይደላችሁም።

በእግር መውጣት

መጀመሪያ ሰላሙን ጠይቁ። ይህን ሳልናገር ባልፍ ነውር ነው። ጎጃም ውስጥ መንገድ የሚዘጋበት፣ ካርታና ስልክ ይዞ የሚዞር እንግዳ ከሚዋጉት ከሁለቱም ወገን የሚጠረጠርበት ጊዜ ነው። አገሩ ያልረጋ ከሆነ ቤት ቁጭ ብላችሁ ካርታና ሳተላይት አስተያዩ፣ በስልክ ዘመድ ጠይቁ፣ አዲስ አበባና ባሕር ዳር ያሉትን የአገሩን ሰዎች አነጋግሩ። ታሪኩ አይሸሽም።

ሰላም ከሆነ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ውጡ። ክረምቱ ወጥቷል፣ መሻገሪያው ጎድሏል፣ ሜዳው ደርቋል። ዓባይ በረሃ መውረድ ካሰባችሁ የአገሩን ሰው ሳትይዙ አትውረዱ። ሙቀቱ፣ ወባው፣ አዞው እውነት ነው። ጮቄ ላይ ከሆነ ደግሞ ተቃራኒው፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ነውና ጋቢ ያዙ።

መንገድ ላይ ስትሄዱ የድሮ መንገድ ምልክቶችን እዩ፦ ከእግርና ከኮቴ ብዛት የተቦረቦረ ጎድጓዳ፣ በሁለቱ ዳር የቀረ የድንጋይ ካብ፣ በሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ትልቅ ዋርካ ወይም ሾላ። ያገኛችሁትን ሁሉ ፎቶ አንሡ፣ ስልኩ ላይ ቦታውን ምልክት አድርጉ።

አመዘጋገብና አያያዝ

ፋይሉን ስትሰይሙ የሉሁን ቁጥር፣ የፎቶውን ዓመት፣ የታተመበትን ዓመት አስገቡበት። «ካርታ አዲስ የመጨረሻ» የሚል ስም ከዓመት በኋላ ራሳችሁን ያናድዳችኋል። የስም ዝርዝር በሠንጠረዥ ያዙ፦ ካርታው ያለው፣ ሰው ያለው፣ ማን እንዳለ፣ በየትኛው ቀን። የድምፅ ቅጂ ካደረጋችሁ ፈቃድ ጠይቁ፣ በሁለት ቦታ አስቀምጡት።

ቦታዎቹን ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ ማስገባት ጥሩ ነው፣ የጎጃም ገጠር እዚያ ላይ ገና ብዙ ስም ይጎድለዋል። የድሮውን ካርታ ራሱን ግን እየገለበጣችሁ አታስገቡ፣ ባለቤት አለው። ከሰው የሰማችሁትንና በእግራችሁ ያያችሁትን አስገቡ። ዋሻ ውስጥ ያለ ንዋየ ቅድሳት፣ የድሮ መቃብር፣ ዕቃ የተቀበረበት ነው የሚባል ቦታ ከነገሯችሁ ለራሳችሁ ያዙት። ኢንተርኔት ላይ ያወጣችሁ ዕለት ቆፋሪ ይመጣል።

ሥራው ሲያልቅ አንድ ቅጂ አትማችሁ በአካባቢው ላለው ትምህርት ቤት ስጡ፣ ሌላውን ለነገሯችሁ ሽማግሌ ቤት። ትልቅ አድርጋችሁ፣ ስሙን በአማርኛ ጽፋችሁ። ጎረቤት መጥቶ «ይህማ ስሙ እንዲህ አይደለም» ብሎ ይከራከራል፣ ያኔ እስክሪብቶ አውጥታችሁ እዚያው ጨምሩበት።